በደመወዛቸው ላም የገዙ መምህርት

በገጠር ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ የሚደጋገመውን ነገር የገበሬ ማኅበር መሪዎች ከማንም በላይ ያውቁታል። በመስከረም አዲስ መምህር ይመጣል። ከአንድ ገበሬ ግቢ አንዲት ክፍል ይከራያል። የልጆቹን ስም ከነአባታቸው ለይቶ መጥራት ሲጀምር የዝውውር ማመልከቻ ይጽፋል፤ በሰኔ መጨረሻም ሻንጣውን በአህያ አስጭኖ ወደ መኪናው መንገድ ይወርዳል። በዓመቱ ሌላ ይተካል፤ እሱም እንዲሁ ያደርጋል። ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው ምክንያት የደመወዝ ማነስ ነው። ደመወዙ ማነሱ አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ ደመወዝ ብቻውን መምህርን በአንድ ሥፍራ እንደማያጸና የሚያስረዳ አንድ የሕይወት ታሪክ አለ። ታሪኩ ከሩቅ አገር የተገኘ ነው፤ ነገር ግን የሚናገረው ስለ ከብት፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ እረኛ ልጆችና ስለ አንዲት መምህርት በመሆኑ ለገጠር ሰው እንግዳ አይሆንም።

ባለታሪኳ ዩላልያ ቦርን ይባላሉ። በ1892 በቴክሳስ ተወልደው በ1984 በ91 ዓመታቸው በአሪዞና አርፈዋል። (በዚህ ጽሑፍ ስለ አሜሪካ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከ40 ዓመት በላይ በገጠር አስተምረዋል፤ ከትምህርት ቤቱ ጎን ለጎንም በራሳቸው ስም የከብት እርባታ መሥርተው እስከ ዕለተ ሞታቸው ኖረውበታል። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው «ሲስተር» በሚለው ስም ነበር። ትርጉሙ «እህት» ማለት ነው፤ በኢትዮጵያ ገጠር ታላቅ እህትን «እቴቴ» እንደማለት ያለ የአክብሮትና የፍቅር አጠራር ነው።

አሪዞና በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ ከሜክሲኮ ጋር የሚዋሰን ደረቅ አገር ነው። መምህርቷ አብዛኛውን ዘመናቸውን ባሳለፉበት በቱሰን ከተማ አካባቢ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ 300 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ለሁለት ተከፍሎ ይመጣል፤ አንዱ ከሐምሌ ጀምሮ በነጎድጓድና በጎርፍ፣ ሌላው በታኅሣሥና በጥር በቀስታ ይወርዳል። የቦረና አርብቶ አደር ሁለቱን ዝናቦቹን ለይቶ እንደሚጠብቅ ሁሉ የአሪዞናም ከብት አርቢ ኑሮው በእነዚህ ሁለት ዝናቦች ላይ የተመሠረተ ነው። አንዱ ከቀረ ሣሩ ይሳሳል፤ ሁለቱም ከቀሩ መንጋው ይሸጣል ወይም ያልቃል።

በዚያ አገር «ራንች» የሚባለው ሰፊ ግጦሽ፣ የውኃ ጉድጓድና መንጋ ያለው የእርባታ ሥፍራ ነው። ከብቱ በበረት አያድርም። በጎኑ የባለቤቱ ምልክት ተተኩሶበት በዱር ይሰማራል። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ባለፈረሶች ወጥተው ይሰበስቡታል፤ ያን ጊዜ ጥጃው ይተኮሳል፣ ወይፈኑ ይኮላሻል፣ ለገበያ የሚሄደውም ይለያል። ከአንዱ ራንች እስከ ሌላው የብዙ ኪሎ ሜትር መንገድ ስለሆነ ልጆችን ሰብስቦ ማስተማር ቀላል ሥራ አልነበረም። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው ባለአንድ ክፍል ትምህርት ቤት ነው። አንዲት መምህርት ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያሉትን ልጆች በአንድ ቤት ውስጥ ታስተምራለች፤ ምድጃውን ታነዳለች፣ ወለሉን ትጠርጋለች፣ የታመመ ልጅ ታስታምማለች። በ1917 እና 1918 የትምህርት ዓመት በመላ አሜሪካ እንዲህ ያሉ ባለአንድ መምህር ትምህርት ቤቶች 196 ሺህ ያህል ነበሩ። በ1980 ከ1 ሺህ በታች ቀርተዋል፤ መንገድ ሲሠራና አውቶቡስ ሲመጣ ልጆቹ ወደ ትልልቅ ትምህርት ቤቶች ተወስደዋል።

መምህርት ቦርን ሥራ የጀመሩት በ1914 ቢቨር ክሪክ በተባለ ሥፍራ ነው። ይህ የመጀመሪያ ትምህርት ቤታቸው ግን አልበረከተላቸውም። በመንደሩ ጭፈራ ላይ «ዋን ስቴፕ» የተባለውን፣ በዚያን ጊዜ አዲስ የነበረውን ዳንስ በመደነሳቸው ከሥራ ተሰናበቱ። በዚያ ሥርዓት የገጠር መምህርን የሚቀጥሩትና የሚያሰናብቱት ከመንደሩ ሰው የሚመረጡ ሦስት የትምህርት ቤት ቦርድ አባላት ነበሩ። የሦስት ጎረቤታሞች ቅሬታ የአንዲትን ወጣት እንጀራ ሊቆርጥ ይችል ነበር ማለት ነው። ይህን መሰል ሥልጣን ለሕዝብ ቅርብ መሆኑ መልካም ነው፤ ከቅርበቱ የተነሣ ወደ ሐሜት የሚያዘነብልበትም ጊዜ አለ። የማኅበር መሪዎች ስለ አንዲት መምህርት ክስ ሲቀርብላቸው፣ ክሱ በክፍል ውስጥ ስላለ ጉድለት ነው ወይስ ስለ አለባበሷና ስለ ጭፈራዋ የሚለውን ለይተው ማየት ያለባቸው ለዚህ ነው። ቢቨር ክሪክ በአንድ ዳንስ ምክንያት ያባረራቸው ሴት ለሌሎች መንደሮች ከ40 ዓመት በላይ አስተምረዋል።

ከዚያ በኋላ ከሠሩባቸው ሥፍራዎች አንዱ ሄልቬሽያ የሚባለው የመዳብ ማዕድን ሠራተኞች ሰፈር ነበር። እዚያ ያገኟቸው ልጆች ከሜክሲኮ የመጡ ሠራተኞች ልጆች ናቸው። በቤታቸው የሚናገሩት ስፓኒሽኛ ነው፤ የመማሪያ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። አሪዞና ራሷን የቻለች ግዛት እንድትሆን የፈቀደው የ1910 ሕግ ትምህርት ቤቶች ሁሉ በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲያስተምሩ ያዝዝ ነበር። በዚህ ምክንያት በአያሌ ትምህርት ቤቶች ልጆች በቤታቸው ቋንቋ ሲናገሩ ከተሰሙ ይቀጡ ነበር። መምህርት ቦርን በበኩላቸው የመረጡት ሌላ መንገድ ነው፤ ስፓኒሽኛ ተማሩ። እንግሊዝኛውን ማስተማር አልተዉም፤ ልጆቹ እንዲገባቸው ግን ከሚያውቁት ተነሥተው ወደማያውቁት ወሰዷቸው። ከእናቶቹም ጋር ያለአስተርጓሚ መነጋገር ቻሉ።

ይህ ነገር ተራ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን የመምህርቷ መጽናት ምሥጢር ግማሹ እዚህ ላይ ነው። የአካባቢውን ቋንቋ የማያውቅ መምህር በትምህርት ሰዓት ከልጆቹ ጋር፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ከራሱ ጋር ብቻ ይሆናል። በለቅሶ ቤት ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ በገበያ ይታለላል፤ የወላጆች ስብሰባ ያስፈራዋል። በኢትዮጵያ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደው ይህ እውነት ስለታወቀ ነው፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲም የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ፈቅዷል። መመሪያው ግን የመጣውን መምህር ቋንቋ አያስተምረውም። ያን የሚያደርጉት በማታ ቡና ላይ የሚጋብዙት ጎረቤቶች ናቸው።

መምህርቷ እያስተማሩ ራሳቸውም ይማሩ ነበር። በ1930 ከአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ሲቀበሉ ዕድሜያቸው ወደ 40 ተጠግቷል። ዲግሪ የያዘ ሰው ወደ ከተማ ትምህርት ቤት መግባት በሚመኝበት ዘመን እሳቸው ተመልሰው ወደ ራንቹ አገር ወጡ። በሳን ፔድሮ ወንዝ ሸለቆ ሬዲንግተን በተባለች መንደር፣ ቀጥሎም ባቦኪቫሪ ከሚባለው ተራራ ግርጌ በሚገኝ ትምህርት ቤት አስተማሩ። ባቦኪቫሪ የቶሆኖ ኦኦዳም ሕዝብ እንደ ቅዱስ ሥፍራ የሚያከብረው ሹል ተራራ ነው። ከሥሩ የተሠራው ትምህርት ቤት ተማሪዎች በአብዛኛው በዙሪያው ባሉ ራንቾች የሚሠሩ ከብት ጠባቂዎች ልጆች ነበሩ።

በሬዲንግተን በ1932 የጀመሩት አንድ ሥራ ከሌሎቹ ሥራዎቻቸው ሁሉ በላይ ሊነገር የሚገባው ነው። «ሊትል ካውፓንቸር» የተባለ የልጆች ጋዜጣ አቋቋሙ። ስሙን «ትንሹ ከብት ጠባቂ» ብሎ መተርጎም ይቻላል። ጋዜጠኞቹ ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ማባዣው ቀድሞ በየትምህርት ቤቱ ፈተና ይታተምበት እንደነበረው ያለ ስቴንስልና ቀለም የሚፈልግ መሣሪያ ነበር። ልጆቹ ይጽፋሉ፣ ሥዕል ይሥላሉ፤ ተባዝቶ ለወላጆችና ለጎረቤቶች ይሰጣል። መምህርቷ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሲዛወሩ ጋዜጣውም አብሯቸው ይሄድ ነበር። በዚህ ሁኔታ እስከ 1943 ድረስ 11 ዓመት ዘልቋል።

የሚጻፈው ምን ነበር? ዝናብ መጣ ወይም ዘገየ። የአባቴ ፈረስ አንካሳ ሆነ። ከብት መሰብሰቢያው ቀን ደርሶ ወንድሜ ከትምህርት ቀረ። እንግዳ መጣ፣ ሕፃን ተወለደ፣ ኩሬው ደረቀ። ይህን የመሰለ የየዕለት ኑሮ ነው። ለከተማ አንባቢ ምንም አይደለም። ለመንደሩ ግን ጋዜጣ ላይ ስሙ የወጣ አባት ማለት የልጁን ደብተር መቃብር እስኪገባ የሚያስቀምጥ አባት ማለት ነው። ልጁም ፊደል የሚማረው ለፈተና ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ይገባዋል፤ ያየውን ነገር ጽፎ ሌላ ሰው ሲያነብለት ያያል። የመምህርቷ ተማሪዎች በቱሰን ከተማ በየዓመቱ በሚደረገው የባለፈረሶች በዓል ሰልፍ ላይም ተካፋይ ሆነዋል። ከተራራ ሥር የመጡ የከብት ጠባቂ ልጆች በዋናው ጎዳና ላይ በራሳቸው ጋዜጣ ስም ማለፋቸው ቀላል ነገር አልነበረም።

ዘመኑ የችግር ዘመን እንደነበረም መዘንጋት አይገባም። በ1929 የጀመረው የኢኮኖሚ ውድቀት የከብት ዋጋ ጥሎ ነበር። በ1934 ድርቅ ተጨመረበት። ከዚያ ዓመት አንሥቶ እስከ ቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ መንግሥት መኖ ያለቀበትን ከብት ከ8 ሚሊዮን በላይ ገዝቷል፤ ገሚሱ ታርዶ ለተቸገሩ ሰዎች ተከፋፈለ፤ ሊታረድ ያልበቃው እዚያው ተገድሎ ተቀበረ። ድርቅ ያየ አርብቶ አደር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም። በዚያ ጊዜ ቤታቸው የተጨነቀ ልጆች በአንዲት ክፍል ውስጥ ተሰብስበው ጋዜጣ ያዘጋጁ ነበር።

መምህርቷ ግን በዚያው የችግር ዘመን ከብት አርቢ ሆኑ። በአሜሪካ ከ1862 ጀምሮ የነበረው ሕግ በመንግሥት መሬት ላይ ቤት ሠርቶ፣ ኖሮና አልምቶ ላሳየ ሰው 160 ኤከር፣ ማለት 65 ሄክታር ያህል ይሰጥ ነበር። በ1916 የወጣው የከብት እርባታ ሕግ ደግሞ መጠኑን ወደ 640 ኤከር አሳደገው። ይህ 259 ሄክታር ነው፤ በድሮው መለኪያ ከስድስት ጋሻ ይበልጣል። ቁጥሩ ብዙ ቢመስልም በዚያ ደረቅ ምድር ለአንድ ቤተሰብ የሚበቃ መንጋ አያሰማራም። ይህም ሆኖ የሕጉ አንድ አንቀጽ ለሴቶች በር ከፍቷል፤ 21 ዓመት የሞላት ያላገባች፣ ባሏ የሞተባት ወይም ራሷ የቤት ኃላፊ የሆነች ሴት በስሟ መሬት መጠየቅ ትችል ነበር። ባል ያላት ግን በተለመደው መንገድ አትችልም፤ ጠያቂው ባሏ ነው።

ዩላልያ ቦርን ገና በወጣትነታቸው አግብተው ነበር፤ ያ ትዳር አልጸናም፤ ስሙ ብቻ አብሯቸው ቀረ። መሬት የያዙትና ከብት ያረቡት በገዛ ስማቸው ነው። በኋላ ዘመናቸው የኖሩበት ራንች ማሞት ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ከጋሊዩሮ ተራሮች ሥር ይገኛል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ያስተምራሉ፤ በዕረፍት ቀናትና በረጅሙ የትምህርት መዝጊያ ወራት ፈረስ ጭነው ከብታቸውን ይከተላሉ። ከደመወዛቸው የተረፈው ላም፣ አጥርና የውኃ ቧንቧ ይሆን ነበር። ሽቦ መወጠርና ጥጃ ጠልፎ መጣል የዘወትር ሥራቸው ነበር። በዚያ ዘመን በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ የከብት አርቢው ትልቅ ጠላት እንቁላሏን በቁስል ላይ የምትጥል ዝንብ ነበረች፤ ትሎቹ የከብቱን ሥጋ በቁሙ ይበሉታል። ስለዚህ አዲስ የተወለደ ጥጃ እትብቱ እስኪደርቅ፣ የተኮላሸ ወይፈን ቁስሉ እስኪድን በየጥቂት ቀኑ ተፈልጎ መታከም ነበረበት። ለዚህ የሚላክ ሰው ያልነበራቸው መምህርት ራሳቸው ይሄዱ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሌሎቹ ሴቶች አንድ ነገር ሳይነሣ ማለፍ ተገቢ አይሆንም። ወደ ራንቹ አገር ለማስተማር ከመጡት ወጣቶች አያሌዎቹ የአካባቢውን ከብት አርቢ አግብተው ቀርተዋል። ጋብቻው ለመንደሩ በረከት ነበር፤ መምህርቷ ሥር ሰደደች። ለትምህርት ቤቱ ግን ብዙ ጊዜ ኪሳራ ሆነ፤ ምክንያቱም በአያሌ ሥፍራዎች ያገባች ሴት እንድታስተምር አይፈቀድም ነበር። በ1942 የአሜሪካ ብሔራዊ የትምህርት ማኅበር ባደረገው ጥናት ከተጠየቁት የትምህርት አስተዳደሮች 87 በመቶው ያገባች ሴት በመምህርነት አይቀጥሩም ነበር። ስለዚህ የምትችለውን ሥራ ተከልክላ ወደ ራንቹ ገባች። እዚያም ቁርስ አበሰለች፣ ላም አለበች፣ የሒሳቡን መዝገብ ያዘች፣ ባልየው በሌለበት መንጋውን ጠበቀች፣ የገዛ ልጆቿን በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስተማረች። በመዝገቡ ላይ ግን «ከብት አርቢ» የሚለው ስም የባል ነው፤ የእሷ «ሚስት» ነው። ዩላልያ ቦርን የሚታወሱት ከእነዚህ ሴቶች ይልቅ ስለሠሩ አይደለም። በስማቸው መሬት ስለያዙና በእጃቸው ስለጻፉ ነው።

በአማራ ክልል በ1990ዎቹ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) መሰጠት የጀመረው የመሬት ይዞታ ደብተር የባልና የሚስትን ስምና ፎቶግራፍ አጣምሮ መያዙ ትልቅ እርምጃ የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው። ደብተሩ በሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ሲቀመጥና ሚስቲቱ ስለ ኪራዩ ሳትጠየቅ መሬቱ ሲከራይ የሚያዩ መሪዎች ሥራው ገና አለማለቁን ያውቃሉ።

ወደ ዋናው ነገር ለመመለስ፣ መምህር ከብት ይኑረው ሲባል በየስብሰባው የሚነሣ አንድ ተቃውሞ አለ። ላም ያለው መምህር ልቡ ከጥቁር ሰሌዳው ላይ አይሆንም፤ ሰኞ ይዘገያል፣ ዓርብ ቀድሞ ይወጣል፣ በአጨዳ ጊዜ ጭራሽ ይጠፋል ይባላል። ተቃውሞው ከእውነት የራቀ አይደለም። እንዲህ ያለ መምህር በየወረዳው አለ። ነገር ግን ላም የሌለው መምህርም ዓርብ ቀድሞ ይወጣል፤ እሱ የሚወጣው ወደ ከተማ ነው። የሚቀረው ጥያቄ የቁጥጥር ጥያቄ ነው። የወላጅ መምህር ኅብረት በየሳምንቱ የመገኛ መዝገቡን የሚያይ ከሆነ መምህሩ ላም ቢኖረውም ባይኖረውም ይገኛል። ላሙ የሚያመጣው ለውጥ ሌላ ነው፤ ዝናብ ሲዘገይ እንደ ወላጆቹ ሰማይ የሚያይ መምህር ይፈጠራል። ልጅ ለከብት ጥበቃ ሲቀርበት አባትየውን መስደብ ትቶ ተረኛ እረኛ እንዲመደብ ይመክራል። የእንስሳት ክትባት ቀን ሲነገር በክፍል ውስጥ ያስታውቃል፤ የራሱም ጥጃ ይከተባልና።

በሌላ በኩል የመምህርት ቦርንን ሕይወት እንዳለ መቅዳት ይቻላል ማለት አይደለም። ኑሯቸው ብቸኝነትና ድካም የበዛበት ነበር። አንዲት ሴት ሳምንቱን አስተምራ በዕረፍት ቀን አጥር የምታጥረው የሚረዳት ስለሌለ ነው። ጀግንነቷ ይደነቃል፤ ማኅበር ባለበት ቀበሌ ግን አንዲት መምህርት ያን ያህል ጀግና መሆን የለባትም። ደቦ ባለበት አገር የመምህርት ቤት ጣሪያ በአንድ ቅዳሜ ይከደናል።

መሬት መስጠት በሕግ የሚወሰን ነገር ነው። በቀበሌ ስብሰባ የሚያልቁ ነገሮች ግን ብዙ ናቸው። በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ የመምህራን መኖሪያ፣ ከጎኑ ጎመንና ቃሪያ የሚተከልበት ጓሮ፣ የመምህሩ ላም ከመንደሩ መንጋ ጋር የምትሰማራበት ፈቃድ፣ ውኃ በሚቀዳበት ተራ ውስጥ የመምህርቷ ስም መግባቱ፣ እነዚህ በጀት የሚጠይቁ አይደሉም። ለብቻዋ ለምትኖር ወጣት መምህርት ደግሞ ከሁሉ የሚቀድመው የበር መቆለፊያና በማታ ብትጮህ የሚሰማ ጎረቤት ነው። ይህ ሳይሟላ የሚደረግ የሽኝት ግብዣና የምስጋና ወረቀት ዋጋ የለውም። እንዲያውም በአንዳንድ ቀበሌ ለሽኝት የሚታረደው በግ ዋጋ ለመቆለፊያውና ለበሩ ይተርፍ ነበር።

የጽሕፈቱም ነገር እንዲሁ ነው። በየገጠር ትምህርት ቤቱ ከመጀመሪያው ተማሪ ጀምሮ የተያዘ መዝገብ ነበር፤ ዛሬ ብዙው በምስጥ ተበልቷል፣ ወይም ቤቱ ሲታደስ ተጥሏል። ከመጀመሪያዎቹ መምህራን መካከል በሕይወት ያሉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ግን በየአካባቢው አሉ። ትምህርት ቤቱ በማን መሬት ላይ እንደተሠራ፣ እንጨቱን ማን እንዳመጣ፣ በመጀመሪያው ዓመት ስንት ሴት ልጆች እንደተመዘገቡና ስንቶቹ ለጋብቻ እንደተወሰዱ ያስታውሳሉ። ከፍተኛ ክፍል የደረሱ ተማሪዎች ደብተር ይዘው ሄደው ቢጠይቋቸው ለአንድ ዓመት የሚበቃ የጽሑፍ ትምህርት ይሆናል። ማባዣ መሣሪያ ባይኖር በእጅ ተጽፎ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሊለጠፍ ይችላል። ስለ ዝናብ፣ ስለ እህል ዋጋና ስለ ከብት በሽታ በየሳምንቱ የሚጻፍ አንድ ገጽ ከአሥር ዓመት በኋላ የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ራሱ የሚፈልገው ሰነድ ይሆናል።

መምህርት ቦርን ከትምህርት ቤት በጡረታ የወጡት በ1957 ነው። ብዙ ሰው ሥራው አለቀ በሚልበት ዕድሜ የእሳቸው ሁለተኛ ሥራ ጀመረ። ስለ ራንች ኑሯቸው የጻፉት የመጀመሪያ መጽሐፍ በ1967 ታተመ፤ ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከ70 አልፏል። ርእሱ «ሌቪስ የለበሰች ሴት» እንደማለት ነው፤ ሌቪስ የከብት ጠባቂዎች ወፍራም ሰማያዊ ሱሪ ነው። በዓመቱ ስለ ባቦኪቫሪ ትምህርት ቤት፣ በ1974 ስለ ራንች መምህርነታቸው፣ በ1979 ደግሞ ሌላ መጽሐፍ አከሉ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ከብቶቻቸውን አልተዉም፤ ከራንቻቸውም አልወጡም።

ልጆቹ ያዘጋጁት የ«ትንሹ ከብት ጠባቂ» እትሞች በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተሰብስበው ተቀምጠዋል። ከ90 ዓመት በፊት በዚያ ደረቅ አገር ከብት እንዴት ይሰበሰብ እንደነበረ፣ የሠራተኛ ቤተሰብ እንዴት ይኖር እንደነበረ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ዛሬ እነዚያን ገጾች ያነባል። ጸሐፊዎቹ የስምንትና የአሥር ዓመት እረኞች ነበሩ፤ ሥዕሎቻቸው ላይ ፈረሶቹና ወይፈኖቹ እስካሁን ይታያሉ።